የኤርምያስ ደብዳቤ በሚሲሲፒ ዳር

በሚኒሶታ የምንኖርባት ሴንት ፖል በሐዋርያ ስም ትጠራለች። ስሟን በየቀኑ በአውቶቡስ ግንባርና በፖስታ ላይ እናነበዋለን፤ ከጠርሴሱ ጳውሎስ ጋር የምናያይዘው ግን ጥቂቶች ነን። በ1841 ሉሲየን ጋልቲየር የሚባል ፈረንሳዊ የካቶሊክ ቄስ ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ ባለው ገደል ላይ ከግንድ የተሠራች ትንሽ ጸሎት ቤት አቆመና በቅዱስ ጳውሎስ ስም ሰየማት። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በሜንዶታ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ጴጥሮስ ነበረችና ሁለቱን ሐዋርያት ጎረቤት ሊያደርጋቸው ፈልጎ ነው። ከዚያ በፊት መንደሩ “የአሳማ ዐይን” ይባል ነበር። በአካባቢው አረቄ ይሸጥ የነበረው የፒየር ፓራንት ቅጽል ስም ነው። (በዚህ ትምህርት የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማ በቅዱስ ስም መጠራቷ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ሮሃን ዛሬ የምናውቃት በንጉሡ በቅዱስ ላሊበላ ስም ነው። ነገር ግን ስም መለወጥ ብቻውን ከተማን አይቀድስም፤ መንደሩ “ቅዱስ ጳውሎስ” ስለተባለ አረቄው መሸጡን አላቆመም። ስለዚህ ከስሙ ወደ ነገሩ እንግባ። መጽሐፍ ቅዱስ የከተማን ስም የሚጠራው ታሪኩ የተፈጸመበትን ቦታ ለማመልከት ብቻ አይደለም። እግዚአብሔር ከተማን እንደ ሰው ያነጋግራታል፤ ይገሥጻታል፣ ይራራላታል፣ መልእክተኛ ይልክላታል፣ ያለቅስላታል። ነቢያቱ ነነዌን፣ ጢሮስን፣ ባቢሎንን፣ ኢየሩሳሌምን በስም እየጠሩ የሚጮኹት ለዚህ ነው። ከአገሩ ወጥቶ በሰው ከተማ የሚኖር ክርስቲያን ደግሞ ይህን ትምህርት ከማንም ይልቅ ይፈልገዋል።

ቃየል የሠራት ከተማ

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የመጀመሪያዋን ከተማ የሠራው ነፍሰ ገዳይ ነው። ዘፍጥረት 4፥17ን ክፈቱ። ቃየል ወንድሙን ከገደለ በኋላ የተፈረደበት በምድር ላይ ኰብላይና ተቅበዝባዥ እንዲሆን ነበር። ያገኘኝ ሁሉ ይገድለኛል ብሎ ሲፈራ ግን እግዚአብሔር ማንም እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት። በደለኛ ሆኖ ሳለ ጥበቃ ተሰጠው ማለት ነው። ከጥቂት ቍጥሮች በኋላ ያው ቃየል በኖድ ምድር ከተማ ሲሠራ፣ በልጁም በሄኖክ ስም ሲጠራት እናያለን።

ጽሑፉ ምክንያቱን አይነግረንም። ቅደም ተከተሉ ግን የሚለው አለ። አምላክ የሰጠው ምልክት ያልበቃው ሰው በእጁ የሠራውን መከታ ፈለገ። የሰሜን አፍሪቃው አውግስጢኖስ፣ ሮም በ410 በጎቶች እጅ ከተዘረፈች በኋላ “የእግዚአብሔር ከተማ” የተባለውን 22 ክፍል ያለውን መጽሐፉን ሲጽፍ፣ እዚህ ቦታ ላይ ቆም ብሎ የሮምንም መሥራች አስታወሰ። በሮማውያን በራሳቸው ተረክ ሮሙሉስም ወንድሙን ገድሎ ነው ከተማውን ያቆመው። አውግስጢኖስ ይህን እንደ አጋጣሚ አላየውም።

ይሁን እንጂ ምዕራፉን ሳንጨርስ አንፍረድ። በገናና መለከት የያዘው ዩባል፣ ናስና ብረት የሠራው ቱባልቃይን ከዚሁ ከቃየል ዘር የተወለዱ ናቸው። ሙዚቃና የእጅ ሙያ የበቀሉት በዚህ ወገን ውስጥ ነው፤ መጽሐፉም ይህን አልደበቀም። በዚያው ቤት ደግሞ ላሜሕ ሰባ ሰባት እጥፍ እበቀላለሁ እያለ ለሚስቶቹ ይፎክራል። ከተማ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ በገናውም ፉከራውም አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ከተማን ሁሉ የርኵሰት ጎሬ የሚያደርገው ሰባኪም፣ ከተማን ሁሉ የሥልጣኔ ጫፍ የሚያደርገው ፖለቲከኛም ይህን ምዕራፍ በግማሹ ነው ያነበቡት።

ወደ ራሳችን ከተማ ስንመጣ ጥያቄው ይከብዳል። አብዛኞቻችን መጀመሪያ የረገጥነው የሚኒሶታ መሬት አውሮፕላን ማረፊያው ነው። ከማረፊያው አጠገብ፣ የሚኒሶታና የሚሲሲፒ ወንዞች በሚገናኙበት አፋፍ ላይ ፎርት ስኔሊንግ የሚባል የድሮ ምሽግ አለ። የዳኮታ ሕዝብ ያንን መገናኛ ብዶቴ ይሉታል፤ በእነርሱ ዘንድ የተቀደሰ ቦታ ነው። በ1862 በዳኮታዎችና በአሜሪካ መንግሥት መካከል ከተደረገው ጦርነት በኋላ 1,600 ያህል ዳኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ክረምቱን ከምሽጉ በታች በተከለለ ሰፈር ታጉረው አሳለፉት። ብዙ ሰውም እዚያው ሞተ። በዚያው ታኅሣሥ 38 የዳኮታ ወንዶች በማንኬቶ ከተማ በአንድ ቀን ተሰቀሉ። በሞት እንዲቀጡ የተፈረደባቸው ከ300 በላይ ነበሩ። የሚኒሶታ የመጀመሪያው የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሄንሪ ዊፕል ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ስለ ዳኮታዎች ለፕሬዚዳንት ሊንከን ተናገረ፤ ሊንከንም ከብዙዎቹ ላይ የሞቱን ፍርድ አነሣ። አብርሃም ስለ ሰዶም ከሃምሳ ጻድቃን ጀምሮ እስከ ዐሥር እየወረደ ሲከራከር የምናነበው በዘፍጥረት 18 ነው። ዊፕል ሰዶምን አላዳነም፤ ዐሥሩ ጻድቃን ላይ ግን ደርሶ ቆሟል።

ዕንባቆም በ2፥12 ከተማን በደም ለሚሠራ ወዮ ይላል። ያን ጊዜ እኛ እዚህ አልነበርንም፤ ያም ሆኖ በተሠራው ቤት ገብተናል፣ በተነጠፈው መንገድ እንሄዳለን። የአቤል ደም ከምድር የጮኸው ገዳዩ ብቻ እንዲሰማው አልነበረም።

ስለ ሰዶም አንድ ነገር ልጨምርና እንለፍ። ብዙዎቻችን የሰዶምን ኃጢአት አንድ ብቻ አድርገን ተምረናል። ሕዝቅኤል 16፥49 ግን ሌላ ዝርዝር ያስቀምጣል። ትዕቢት፣ ጥጋብና መዝናናት ሞልቶላት ሳለ የችግረኛውንና የድኻውን እጅ አለማበርታቷን። ጥጋቡን በአቅራቢያችን እናውቀዋለን፤ ሚኒያፖሊስ ከ1880 እስከ 1930 ድረስ በዱቄት ምርት ዓለምን ትመራ ነበር። በዚህች የዱቄት ከተማ የእኛ ሰው ጤፍ እያቦካ እንጀራ ይሸጣል፤ ገበያውም ደህና ነው። ሕዝቅኤል ግን ዓይኑን ሆድ ላይ ሳይሆን እጅ ላይ አድርጓል።

ከከተማ ውጭ ዳስ የሠራው ነቢይ

ነነዌን ከእኛ በላይ የሚያውቃት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሕፃናቶቻችን እንኳ ጾመ ነነዌን ያውቃሉ፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ሦስት ቀን ይጾማል። አስቡት። የአሦር ዋና ከተማ የነበረች፣ ፍርስራሿ ዛሬ በኢራቅ ከሞሱል አጠገብ በጤግሮስ ዳር ያለ ከተማ ንስሐ ገባች ተብሎ፣ በላስታ ተራራ ላይም በሚኒሶታ በረዶ ውስጥም ሰው ይጾማል። በዓለም ላይ እንዲህ በጾም የሚታሰብ የጠላት ከተማ ንስሐ ብዙ አላውቅም።

አሦር ለእስራኤል ጠላት ነበረች። በ722 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሰማርያን አፈረሰች፤ በ701 ደግሞ ንጉሧ ሰናክሬም ይሁዳን ወርሮ ለኪሶን ከበበ፤ ከበባውን በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀርጾታል፣ ቅርጹ ዛሬ ለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይታያል። ዮናስ ወደዚያች ከተማ መሄድ ቢያንገሸግሸው የሚደንቅ አይደለም። የሚደንቀው መጨረሻው ነው። ከተማዋ ንስሐ ገብታ ስትድን ነቢዩ ተቈጣ፤ ከከተማዋ ውጭ በምሥራቅ በኩል ዳስ ሠርቶ፣ ምን እንደሚደርስባት ለማየት ከጥላው ሥር ተቀመጠ። እግዚአብሔርም ጥላ ሆኖለት ስለ ደረቀው ቅል ለሚያዝነው ነቢይ፣ ቀኛቸውን ከግራቸው የማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺህ የሚበልጡ ሰዎችና ብዙ እንስሶች ስላሉባት ከተማ እኔ አላዝንምን ብሎ ጠየቀው። መጽሐፉ በዚህ ጥያቄ ያልቃል፤ የዮናስ መልስ አልተጻፈም።

በስደት ላይ ያለን ሰዎች ዳስ መሥራት እንችልበታለን። ከተማዋ ውስጥ እየሠራን፣ እየበላን፣ ልጅ እያሳደግን፣ በልባችን ግን በስተ ምሥራቅ ወጣ ብለን ምን እንደሚሆንባት እንመለከታለን። “እነሱ” እንላለን። ትምህርት ቤታቸው፣ ምርጫቸው፣ ወንጀላቸው። ሴንት ፖል ውስጥ ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ሰው ይኖራል፤ ከነነዌ ቍጥር ከእጥፍ በላይ ነው። ነነዌ ኋላ ወደ ክፋቷ ተመልሳ፣ ነቢዩ ናሆም እንደ ተነበየው፣ በ612 ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደቀች። የከተማ ንስሐ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ጾሙ በየዓመቱ የሚመለሰው ደግ ነው።

ደብዳቤው

አሁን ወደ ትምህርታችን ልብ ደርሰናል፤ ኤርምያስ 29ን አውጡ። እዚህ ላይ አንቸኩልም።

በ597 ከክርስቶስ ልደት በፊት የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ ሹማምንቱን፣ አናጺዎቹንና ብረት ሠሪዎቹን ከኢየሩሳሌም አፈለሰ። መቅደሱ ገና አልተቃጠለም ነበር። የቀረው ሕዝብም የተወሰደውም ሕዝብ ነገሩ አጭር እንደሚሆን ተስፋ አድርጓል። በምዕራፍ 28 ሐናንያ የሚባል ነቢይ በመቅደስ ቆሞ በሕዝቡ ፊት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል፣ የቤተ መቅደሱ ዕቃና ምርኮኞቹ ይመለሳሉ ብሎ ሰበከ። ኤርምያስ ለባቢሎን አገዛዝ ምልክት በአንገቱ ያደረገውን የእንጨት ቀንበር አውርዶ እስከ መስበር ደረሰ። ሕዝቡ የትኛውን ነቢይ እንደወደደ ለመገመት አይከብድም።

ሁለት ዓመት የሚለውን ቃል ይህ ማኅበረሰብ በደንብ ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሠርቼ፣ ትንሽ ቋጥሬ፣ ቤቴን ጨርሼ እመለሳለሁ። ሐናንያ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ሕዝቡ መስማት የሚፈልገውን ነው የተናገረው። ስደተኛን ከኑሮው የሚያሰናክለው ብዙ ጊዜ ክፉ ምክር ሳይሆን እንዲህ ያለ ጣፋጭ ቀጠሮ ነው። ኤርምያስ ግን ሰባ ዓመት አለ። ሰባ ዓመት ማለት ሰሚው አያይም ማለት ነው፤ ልጁ ያይ ይሆናል፣ የልጅ ልጁ በእርግጥ ያያል።

ነቢዩ በሳፋን ልጅ በኤልዓሣና በኬልቅያስ ልጅ በገማርያ እጅ ወደ ባቢሎን የላከው ደብዳቤ የያዘው ትእዛዝ ተራ ይመስላል። ቤት ሥሩና ኑሩበት። አታክልት ትከሉና ፍሬውን ብሉ። ሚስት አግቡ፣ ልጆች ውለዱ፣ ልጆቻችሁንም ዳሩ፤ እዚያ ተባዙ፣ አትነሱ። ከዚያ ግን ማንም ያልጠበቀው ይመጣል፤ ወደ እርስዋ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላምን ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ወደ እግዚአብሔር ጸልዩ፤ ምክንያቱም የእናንተ ሰላም ከእርስዋ ሰላም ጋር የታሰረ ነው። ይህ ትእዛዝ የተሰጠው ስለ ባቢሎን ነው። ኢየሩሳሌምን በ586 ስለምታቃጥላት፣ የንጉሡን የሴዴቅያስን ልጆች በፊቱ አርዳ የእርሱን ዓይን ስለምታጠፋዋ ባቢሎን። ለወዳጅ ከተማ መጸለይ ቀላል ነው።

ደብዳቤው ሁሉንም አላስደሰተም። በባቢሎን የነበረው ኔሔላማዊው ሸማያ ወደ ኢየሩሳሌም መልሶ ጻፈ፤ ኤርምያስን እንዴት ዝም ትሉታላችሁ፣ እንደዚህ ያለውን በግንድ አስሩት ብሎ ካህኑን ወቀሰ። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ከውጭ አገር ሆኖ አገር ቤት ያለውን ሰው እሰሩት ብሎ የሚጽፍ ሰው ሸማያ የመጨረሻው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ምርኮኞቹ ታዘዙ? ባቢሎን ራሷ መልስ ሰጥታለች። በሸክላ ላይ በኩኔይፎርም ፊደል የተጻፉ፣ “አል ያሁዱ” ማለትም የይሁዳ መንደር ከሚባል ቦታ የወጡ የውል ሰነዶች አሉ፤ ቀዳሚው በ572 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፈ ነው። ስማቸው የእግዚአብሔርን ስም የያዘ የይሁዳ ሰዎች ገብስና ተምር ሲያመርቱ፣ ግብር ሲከፍሉ፣ ሲበደሩና ሲያበድሩ፣ ውል ሲዋዋሉ እናነባለን። ለንጉሥ ኢኮንያን ከባቢሎን ቤተ መንግሥት ይሰፈርለት የነበረው ዘይትም ተመዝግቦ ተገኝቷል። ከኤርምያስ ደብዳቤ በኋላ ሰው ዳሱን አፍርሶ ቤት ሠርቷል። ከእነዚሁ ሰዎች ልጆች መካከል ኋላ ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሱት ወጡ። መኖር መመለስን አልከለከለም።

ይህ ለእኛ በዕለት ኑሮ ምን ማለት ነው? በሚኒያፖሊስ ሕግ በረዶ ሲጥል ከቤትህ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ ማጽዳት ግዴታህ ነው። የጎረቤትህን የአሮጊቷን ማጽዳት ግን ግዴታህ አይደለም፤ ኤርምያስ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ መገኘት፣ ድምፅ መስጠት፣ በሰፈር ውይይት ላይ ተነሥቶ መናገር የከተማን ሰላም መፈለግ ነው። ግንቦት 25 ቀን 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በቺካጎ ጎዳናና በ38ኛው መንገድ መገናኛ ላይ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞት፣ ከዚያም የሌክ ስትሪት ሱቆች ሲቃጠሉ፣ ከሱቆቹ ብዙዎቹ የስደተኞች ነበሩ። “ይህ የእነሱ ጠብ ነው” ለማለት የፈለገ ሰው ከዚያ ሳምንት በኋላ የኤርምያስን ምክንያት ለመረዳት ተርጓሚ አያስፈልገውም።

አንድ ተቃውሞ ሁሌ ይነሣል፤ እኛ አገራችን በሰማይ ነው፣ በዚህ ምን አለን የሚል። ጥቅሱ ፊልጵስዩስ 3፥20 ነው፤ ዕብራውያን 13፥14ም ይጨመርበታል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ጳውሎስ የሰማዩን አገር የጻፈላቸው ለፊልጵስዩስ ሰዎች መሆኑን አትርሱ። ፊልጵስዩስ በማቄዶንያ የነበረች የሮማውያን ቅኝ ሰፈር ናት፤ ነዋሪዎቿ በሮማዊ ዜግነታቸው ይኮሩ ነበር። ጳውሎስ ራሱ በዚያች ከተማ ያለ ፍርድ ተገርፎ ታስሯል። ሲለቁት በስውር አልወጣም። ሮማውያን ሆነን ሳለን ያለ ፍርድ በአደባባይ ገርፈውናል፣ እንግዲህ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ፤ ሹማምንቱም መጥተው ለመኑት። ስለ ሰማያዊ አገር የጻፈው ሰው የምድራዊ ዜግነቱን መብት አንቀጽ ጠቅሶ የተከራከረ ሰው ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘን፣ ጥምር ዜግነት የማትፈቅደውን አገራችንን በቢጫ ካርድ የምንጎበኝ ሰዎች ይህን ልዩነት ከሌላው ይልቅ ልንረዳው ይገባል። የሰማይን ጥቅስ ለምድር ስንፍና መሸፈኛ ሲያደርጉት ሰምቻለሁ፤ ጳውሎስ ግን እንዲህ አላደረገበትም።

የመማጸኛ ከተማ በር

በዘኍልቍ 35 እግዚአብሔር ስድስት ከተሞችን ለየ። ሦስቱ ከዮርዳኖስ ምዕራብ፣ ቃዴስ፣ ሴኬምና ኬብሮን፤ ሦስቱ ከምሥራቅ፣ ቦሶር፣ ራሞትና ጎላን። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም ተበቃይ እንዲያመልጥባቸው ነው። ከሕጉ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገርሙኛል። ከተሞቹ ለእስራኤላዊ ብቻ ሳይሆኑ በመካከላቸው ለሚኖረው መጻተኛም ናቸው። ዘዳግም 19 ወደ እነርሱ የሚወስደው መንገድ እንዲዘጋጅ ያዝዛል፤ ሰው እየሮጠ መንገድ እንዳይጠፋው። ኢያሱ 20 ደግሞ ሥርዓቱን ይነግረናል፤ ሸሽቶ የመጣው በከተማዋ በር ቆሞ ነገሩን ለሽማግሌዎች ይናገራል፣ እነርሱም ወደ ከተማዋ ያስገቡትና ቦታ ይሰጡታል።

በር ላይ ቆሞ ታሪክን መናገር ምን እንደሆነ ከእኛ መካከል ብዙ ሰው ያውቃል። በሚኒሶታ የጥገኝነት ጉዳይ የሚሰማበት ፍርድ ቤት የሚገኘው በፎርት ስኔሊንግ ባለ የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ነው። ሕንፃው የተሰየመው ቀደም ብዬ ስሙን ባነሣሁት በጳጳስ ሄንሪ ዊፕል ነው። ዳኮታዎች ከታጎሩበት ሜዳ አጠገብ፣ ስለ እነርሱ በለመነው ሰው ስም በተጠራ ሕንፃ ውስጥ፣ ከሌላ አህጉር የሸሸ ሰው ነገሩን ያስረዳል። ወደዚያ ቀጠሮ የሚሄድን ሰው አብሮ መሄድ፣ መኪና ማዘጋጀት፣ ማስተርጎም የዘዳግም 19 መንገድ ጥረጋ ነው።

የሸሸው ሰው ከመማጸኛው ከተማ ነጻ የሚወጣው መቼ ነው? ሊቀ ካህናቱ ሲሞት። እንግዳ ሕግ ነው፤ የአንድ ሰው ሞት የስንቱን እስር ይፈታል? የዕብራውያን መልእክት ክርስቶስን ሊቀ ካህናት ብሎ ሲጠራ፣ በ6፥18ም እኛን ለመማጸን የሸሸን ሰዎች ሲለን፣ የዚህ ሕግ ፍጻሜ የት እንደሆነ ያሳየናል። የእኛ ሊቀ ካህናት ሞቷል፤ ደግሞም ተነሥቷል። የብሉይ መማጸኛ ያስጠጋል እንጂ አያነጻም፤ የቆየበትም ሰው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከግንቡ ውጭ ለመውጣት ይፈራል። ክርስቲያን ከፍርሃቱ ተፈትቶ ወደ ከተማው አደባባይ የሚወጣ ሰው ነው።

ከላይ የምትወርደው

ኢየሩሳሌም ለብቻዋ ሌላ ትምህርት ትፈልጋለች፤ እዚህ የምወስደው አንዱን ብቻ ነው። ጌታ ከደብረ ዘይት ሲወርድ ከተማዋን አይቶ አለቀሰላት፤ ሉቃስ 19፥41። በ70 ዓ.ም. የሮማው ጢቶስ እንደሚያፈርሳት እያወቀ ገባባት። የእኛ አባቶች ደግሞ ከተማዋን ብዙ ወደዷት። በላሊበላ ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት ሲፈለፍሉ ወንዙን ዮርዳኖስ አሉት፤ ቤተ ጎልጎታና ቤተ ደብረ ሲናም አሉ። መዝሙር 87 በኢየሩሳሌም እንደተወለዱ የሚቈጠሩትን ሕዝቦች ሲዘረዝር ኢትዮጵያን ስለሚጠራ፣ ያንን ስም አይተው ኢየሩሳሌም እናታችን ናት ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳሩ ግን የላሊበላ ዮርዳኖስ ዮርዳኖስን አልተካውም፤ ለሚቀጥለው ነገር ጣት መጠቆሚያ ነው እንጂ።

የሚቀጥለውን ነገር ዮሐንስ በራእይ 21 እና 22 አየው። አስተውሉ፤ ያች ከተማ በሰው እጅ አልተሠራችም፣ ከሰማይ ትወርዳለች። ቃየል ጥበቃን በራሱ ሠራ፤ ይቺኛዋ ትሰጣለች። በሮችዋ ዐሥራ ሁለት ናቸው፣ በቀን ከቶ አይዘጉም፣ በዚያም ሌሊት የለም። መቅደስ በውስጧ የላትም፤ ጌታና በጉ መቅደስዋ ናቸውና። በመካከሏ የሕይወት ዛፍ አለ፤ በዘፍጥረት የተዘጋችው ገነት በከተማ ውስጥ ተከፈተች ማለት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ በአትክልት ስፍራ ጀምሮ ወደ አትክልት ስፍራ አልተመለሰም። ነፍሰ ገዳይ የጀመረውን ነገር አምላክ ሊያፈርሰው ሲችል ወስዶ አነጻው፤ ከተማነቱንም ተወለት። አሕዛብ ክብራቸውን ወደ እርስዋ ያመጣሉ ይላል። ከሚሲሲፒ ዳር ምን እንደሚመጣ አልተጻፈም።

ለሚቀጥለው ጊዜ የሐዋርያት ሥራ 18ን ከ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥19 እና ከሮሜ 16፥3-5 ጋር አንብባችሁ ኑ። አቂላና ጵርስቅላን ተከተሉ፤ አቂላ የጳንጦስ ተወላጅ ነው፤ ቀላውዴዎስ አይሁድ ሁሉ ከሮም ይውጡ ብሎ ሲያዝዝ ወደ ቆሮንቶስ መጡ፣ ድንኳን እየሰፉ ጳውሎስን አስጠጉ፣ ከዚያ ወደ ኤፌሶን ሄዱ፣ በሮሜ መልእክት ደግሞ መልሰው ሮም ናቸው። የኖሩባቸውን ከተሞች በቅደም ተከተል ጻፉ፤ በየአንዳንዱ ከተማ በቤታቸው ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበርም አጠገቡ አስቀምጡ። ጳውሎስ በቆሮንቶስ ሳለ ጌታ በሌሊት ራእይ ስለዚያች ከተማ ሰዎች የነገረውን በሐዋርያት ሥራ 18፥10 ፈልጉ፤ ውይይታችንን ከእርሱ እንጀምራለን።